ጥቁር ሰማያዊው ልብስ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ጉዳዩ እዚህ አዲስ አበባ ብዙ የሚወራበት አይደለም። በበረዶ ላይ ስለሚደረገው ፊገር ስኬቲንግ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩና ስፖርቱን በጉልምስና የጀመሩ ሴቶቻችን ለደረጃ ፈተና ሲቀርቡ ምን ይልበሱ? ጥያቄው ይህ ነው። የጸሐፊው መልስ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ ቀለል ያለና ሸፈን ያለ ልብስ ለብሳችሁ እንዳትቀርቡ ይላሉ።

ነገሩ ያገባኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ሰፍቻለሁ። ታናሽ እህቴ ሚኒሶታ ትኖራለች። በ41 ዓመቷ ስኬቲንግ ጀመረች። ዘንድሮ ለአዋቂዎች የተዘጋጀውን የነሐስ ደረጃ ፈተና ልትወስድ ተመዘገበች። ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልኳን በቪዲዮ ወሰድኩ፤ ጨርቁን መርካቶ ዞሬ መረጥኩ፤ ሰፍቼ ስጨርስ ለሚሄድ ሰው አስይዤ ላክሁላት። ጥቁር ሰማያዊ ነው። እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ዝግ። ከስር ሙሉ ታይት፣ ከላይ እስከ ጭኗ አጋማሽ የምትደርስ ጉርድ። አንድም ፈርጥ የለበትም። እንዲህ ይሁንልኝ ያለችው ራሷ ናት።

ጽሑፉን ያነበበች ዕለት በሌሊት ደወለች። «እትዬ፣ ልብሱን መልሼ ልላክልሽና ፈርጥ ጨምሪበት፤ እንዲህ ሆኜ ብቀርብ ይጥሉኛል» አለችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ወራት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች የተለማመደች ሴት በአንድ ጽሑፍ ስትረበሽ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት የጽሑፉን ሐሳብ ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ዳኛም ሰው ነውና ዓይኑ ባየው ይፈርዳል፤ ተራ ልብስ የለበሰች ተፈታኝ ያልተዘጋጀች ትመስላለች። ሁለተኛ፣ አጭር ቀሚስ የስፖርቱ ወግ ነው፤ በሰው ቤት እንግዳ የሆነ የቤቱን ወግ ይይዛል። ሦስተኛ፣ የሚሸፍን ልብስ የእግርን መስመር ይደብቃል፣ አደጋም አለው። አራተኛ፣ ፈተና በዕድሜ አንዴ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ለልብሱ መሰሰት አይገባም። አምስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው። ቀለል ያለ ልብስ የምትመርጥ አዋቂ ሴት በሰውነቷና በዕድሜዋ አፍራ ነው፣ ይሉኝታ አስሯት ነው ይላሉ።

ጸሐፊው ስፖርቱን እንደሚወዱ ያስታውቃል። ሴቶቻችን አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲቀርቡ መመኘታቸውም ደግ ነገር ነው። የማልስማማው ወደዚያ ይወስዳል ባሉት መንገድ ነው።

ከዳኛው ልጀምር። ጸሐፊው ፈተናንና ውድድርን ቀላቅለዋል። በቴሌቪዥን የምናየው ኦሊምፒክ ውድድር ነው። ሙዚቃ አለው፤ ልብሱም ከሙዚቃው ጋር ይሄዳል። እህቴ የምትወስደው የመሠረታዊ እንቅስቃሴ ፈተና ግን ሙዚቃ እንኳ የለውም። ተፈታኟ የተወሰነ መስመር ተከትላ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። አንዱ አዟዟር በረዶው ላይ የ3 ቁጥርን ቅርጽ ጥሎ ስለሚያልፍ የሚጠራውም በዚሁ በሦስት ቁጥር ነው። ዳኞቹ ዓይናቸውን የሚጥሉት ጫማው ስር ያለው ብረት ላይ ነው። ብረቱ ከታች መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስለዚህ የውስጥና የውጭ ሁለት ጠርዝ አለው። በየትኛው ጠርዝ ላይ እንዳለች ያያሉ። ጉልበቷ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ፍጥነቷን ይዛ መቆየቷን፣ ወገቧ ቀጥ ማለቱን ያያሉ። ውጤቱም አለፈች ወይም ትድገም ነው። ለልብስ የተመደበ ነጥብ የለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ዳኛ ሰው ነው። የተቀደደ ታይት፣ የተንጠለጠለ የጫማ ማሰሪያ፣ ፊት ላይ የሚበተን ፀጉር ዓይን ይሰርቃል። ጥንቅቅ ብሎ መቅረብ ያስፈልጋል። ግን ጥንቅቅ ማለትና መብረቅረቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ልብስ ልታሰፋ እኔ ጋ የምትመጣ ልጅ አለች። ልኳን በደንብ የያዘ ኮትና ጉርድ እሰፋላታለሁ። የሠርግ ቀሚስ ለብሳ ብትሄድ የበለጠ የተዘጋጀች አትመስልም፤ የት እንደምትሄድ ያልገባት ነው የምትመስለው።

ወግ ወደሚለው ልለፍ። አንድ ልብስ ከመቁረጤ በፊት ልብሱ የት እንደሚውል ማወቅ እወዳለሁ። የእህቴን ልብስ ከመጀመሬ በፊትም ስለ ስፖርቱ ሳነብና የድሮ ፎቶ ሳይ ከረምኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከጸሐፊው ጋር አይገጥምም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1902 ማጅ ሳይርስ የተባለች እንግሊዛዊት በዓለም ሻምፒዮና ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። ያኔ ለሴቶች የተለየ ውድድር አልነበረም። የለበሰችው ረጅም ቀሚስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሴቶች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቀሚሱ እግርን ስለሚሸፍን ዳኞች ማየት አይችሉም የሚል ነበር። እሷም ቀሚሷን እስከ ባቷ አሳጠረችው። በ1908 ለንደን ላይ የመጀመሪያዋ የሴቶች የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች።

ቀሚሱን ወደ ጉልበት ያመጣችው ኖርዌያዊቷ ሶንያ ሄኒ ናት። በ1924 ሻሞኒ ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ 11 ዓመቷ ነበር። ልጅ ናትና አጭር ቀሚስ መልበሷ እንግዳ ነገር አልሆነም። በኋላ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አከታትላ ወሰደች፤ ሌሎቹም አለባበሷን ተከተሉ። እንግዲህ ጸሐፊው «ወግ» ያሉት ከ11 ዓመት ልጅ ልብስ የመጣ ነው። ለልጅቷ ያምርባት ነበር። የ41 ዓመት ሴት ግን ያንኑ የመልበስ ግዴታ ያለባት ለምንድን ነው?

የጉርድ ግዴታ በስፖርቱ ደንብ ውስጥ የተጻፈበት ጊዜ እንደነበር እውነት ነው። የመጣበት ምክንያት ግን የጸሐፊውን ሐሳብ አይደግፍም። በ1988 ካልገሪ ኦሊምፒክ የምሥራቅ ጀርመኗ ካታሪና ቪት በላባ ያጌጠ፣ ጉርድ የሌለው ልብስ ለብሳ ወጣች። ብዙ ተወራ። ከዚያ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ሴቶች ዳሌያቸውን የሚሸፍን ጉርድ ይልበሱ ብሎ ደነገገ። ጉርዱ ግዴታ የሆነው ሰውነት እንዲሸፈን ነው። በዚያው ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ባለ ሱሪ ልብስ ለብሳ ተወዳድራለች፤ ሜዳሊያም ወስዳለች። በ2004 ደግሞ ደንቡ ተነሳ፤ ሴቶች ሱሪ እንዲለብሱ ተፈቀደ። ጸሐፊው ከጥንት የመጣ ያስመሰሉት ግዴታ በደንብ ላይ የቆየው 16 ዓመት አካባቢ ነው።

ደንቡ ዛሬ ምን ይላል? ለውድድር ሳይቀር ልብሱ ልከኛ፣ ክብር ያለውና ለስፖርት የሚመጥን ይሁን ይላል። የሚጮህና ለቴአትር የተሠራ የሚመስል አይሁን ይላል። እርቃን የበዛበት አይሁን ይላል። እህቴ ከመረጠችው ጋር ቃል በቃል ይገጥማል።

«እንግዳ» የሚለው ቃልም አልተመቸኝም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ተወላጇ ዛህራ ላሪ ፀጉሯን ተሸፍና በዓለም አቀፍ መድረክ ተወዳድራለች። በ2012 ጣሊያን ውስጥ ለመሸፈኛዋ ነጥብ ተቀንሶባት ነበር። ጉዳዩን አስረዳች፤ ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተቀየረ። የተቀየረው ቤቱ ነው። የእኛም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ ተሰልፏል፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። እህቴ ደግሞ ለሜዳው ትከፍላለች፤ ለአሠልጣኟ ትከፍላለች፤ ለማኅበሩ አባልነት ትከፍላለች። እዚያ ሜዳ ላይ ማንም እንግዳ ሊላት አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሚሸፍን ልብስ የእግርን መስመር ይደብቃል፣ አደጋም አለው ተብሏል። ግማሹ እውነት ነው። ሰፊና የሚወዛወዝ ልብስ ጉልበትን ይደብቃል። የማጅ ሳይርስ ቀሚስ ላይ የተነሳውም ቅሬታ ባዶ አልነበረም። የስኬቲንጉ ብረት ከፊት በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። የተንዘረፈፈ ሱሪ እዚያ ላይ ከተያዘ ሰው በፊቱ ይደፋል። ጫፉ የሚወናጨፍ ነጠላም ሆነ ሻርፕ በረዶ ላይ አይሆንም። እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ በጎማ ስኬት የሚንሸራተቱትን ልጆች አይታችሁ ከሆነ፣ ሰፊ ሱሪ የለበሰው ልጅ ጫፉን ካልሲው ውስጥ ሲከት ታያላችሁ። ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

ግን አደጋው ያለው መንዘርፈፉ ላይ ነው። መሸፈኑ ምንም አላደረገም። ወንዶቹን እዩ። በዓለም አቀፉ ደንብ ወንድ ተወዳዳሪ ሙሉ ሱሪ የመልበስ ግዴታ አለበት። ዳኞች የወንዶችን ጉልበት በሱሪ ውስጥ እያዩ ሲፈርዱ ኖረዋል። የሴቷ ጉልበት ሲሆን ለምን ይጠፋባቸዋል? በዚያ ላይ በረዶው ነጭ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ታይት በነጭ ላይ ወረቀት ላይ እንደተሰመረ መስመር ጎልቶ ይታያል።

ሁሉም ነገር አሰፋፉ ላይ ነው። ጨርቁ ሊክራ ያለበት፣ በወርዱም በቁመቱም የሚሳብ መሆን አለበት። ስትገዙ በሁለት እጅ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተዉት፤ ከሁለት እጥበት በኋላ ጉልበቱ ላይ ይንጠለጠላል። ቀጥ ያለ ተራ ስፌት ጨርቁ ሲሳብ ይበጠሳል፤ ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ነው የሚይዘው። መርፌውም ጫፉ ድቡልቡል ያለው ዓይነት ይሁን። እሱ የጨርቁን ክር ሳይበጥስ በመሐል ገፋ አድርጎ ያልፋል። ሹሉ መርፌ ግን ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳው ልብሱ በተሳበ ቁጥር ይሰፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ብብት ስር ያለው ነው። ስኬቲንግ ላይ እጅ ሁልጊዜ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው የሚኬደው። ብብቱ እንደ ተራ ሸሚዝ ከተሰፋ፣ እጇን ባነሳች ቁጥር ወገቡ አብሮ ይነሳል። ከዚያ ልብሷን ወደ ታች ስትጎትት ትውላለች። እኔ ብብቱ ስር አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገባሁ። እጇ እስከ ጆሮዋ ቢነሳ ወገቡ አይንቀሳቀስም። ታይቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ከጫማው ስር የሚያልፍ ላስቲክ አደረግሁበት፤ እንዳይሰበሰብም እንዳይያዝም። ለዚህ ብቻ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰፍቻለሁ። የስኬቲንግ አዳራሽ ውስጥ ይበርዳል። ጡንቻና ጉልበት ሙቀት ይፈልጋል፤ በተለይ 40ን ላለፈ ሰው። የወደቀችም እንደሆነ በረዶ ባዶ ቆዳን ይልጣል።

አደጋ ካልን ፈርጡን ለምን ረሳነው? ሊክራ ላይ ፈርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በሙጫ ነው። ሙጫ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ጨርቁ ግን ይሳባል። በደንብ ካልተሠራ ፈርጡ ይፈነጠራል። በውድድር ላይ ከልብስ ላይ የወደቀ ጌጥ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። ምክንያቱም ብረቱ እሱ ላይ ቢወጣ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ሠርታ የምታስይዝ ጎበዝ ባለሙያ አለች፤ ያንን አልክድም። ፈርጥ የምትወድ ተፈታኝም ታድርግ፤ እኔ ራሴ እሰፋላታለሁ። ክርክሬ ግዴታ ነው ከሚሉት ጋር ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ፈተናው በዕድሜ አንዴ የሚመጣ አይደለም። በአሜሪካው አሠራር ለአዋቂዎች ከነሐስ በፊት ያለ ደረጃ አለ፤ ከነሐስ በኋላ ብር አለ፤ ከዚያ ወርቅ አለ። ያላለፈም ይደግማል። በልክ የሚሰፋ ባለ ፈርጥ ቀሚስ እዚያ አገር ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ያ ገንዘብ ስንት ሰዓት ልምምድ ይገዛል? ለጫማው ግን አትሰስቱ። ጸሐፊው አትሰስቱ ያሉት ለእሱ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር።

አሁን ወደ ይሉኝታ። ጸሐፊው ያሉት ነገር በአገራችን የለም ልል አልችልም። አለ። አንዳንድ ደንበኛዬ የምትወደውን ቀሚስ ፎቶ ይዛ ትመጣለች። ልክ ስወስድ «ኧረ አንገቱን ዝጊልኝ፣ ሰው ምን ይለኛል» ትላለች። ልቧ እዚያ ፎቶ ላይ እንደቀረ ፊቷ ላይ ይታያል። እንዲህ ላለችው ሴት የጸሐፊው ምክር ይጠቅማት ይሆናል።

ግን ቀለል ያለ ልብስ የመረጠች ሁሉ እሷ አይደለችም። ለፋሲካ የሀገር ልብስ የሚያሰፉ እናቶች አሉ። አንዷ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ወፍራም ጥለት ታዛለች። ሌላዋ ጫፉ ላይ ብቻ ቀጭን ጥለት ይበቃኛል ትላለች። ሁለቱም አምሮባቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ባለ ቀጭን ጥለቷን «አፍራ ነው» የሚላት የለም። የምትወደውን ታውቃለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውም እንዲህ ላለው ነው።

እህቴን በስልክ በግልጽ ጠየቅኋት። «አፍረሽ ነው ወይ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «እትዬ፣ ሜዳው ላይ ስገባ ስለ ጉልበቴ ብቻ ማሰብ ነው የምፈልገው። ስለ ልብሴ ያሰብኩ ቀን እወድቃለሁ።»

ይህችን ሴት አስቧት። በ41 ዓመቷ የሰባት ዓመት ልጆች በጎኗ ሽው እያሉ ሲያልፉ፣ ግድግዳ ይዛ መቆም ተማረች። በሰው ፊት ስንቴ ወደቀች። ስንቴ ተነሳች። ይሉኝታ ያሰራት ሰው መጀመሪያ እዚያ ሜዳ ላይ አይወጣም። በሌላ በኩል «ካላበረቀረቅሽ ዳኛው ምን ይላል፣ ተመልካቹ ምን ይላል» ማለት ራሱ ምንድን ነው? ሰው ምን ይለኛል ነው። ጸሐፊው ከአንዱ ይሉኝታ ሊያወጧት ፈልገው ሌላው ውስጥ ከተዋታል። እኔ የከፋኝ በዚህ ነው። የእህቴን እንቅልፍ የነሳት የራሷ ሐፍረት አይደለም፤ ያነበበችው ምክር ነው።

ልብሱን አልመለሰችውም። ባለፈው ሳምንት በጥቁር ሰማያዊው ተፈተነች። ትድገም ተባለች። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ወደ ኋላ ስትሄድ ጉልበቷ በቂ እንደማይታጠፍ ተጽፏል። ግራ እግሯ ላይ የውጭውን ጠርዝ ቶሎ እንደምትለቅ ተጽፏል። አቋሟ ጥሩ እንደሆነም ተጽፏል። ወረቀቱን አገላብጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ልብሷ አንድም ቃል የለበትም።

በሚቀጥለው ወር ትደግማለች። ትናንት ማታ ደውላ አንድ ማስተካከያ ብቻ ጠየቀችኝ። እጅጌው ከጓንቷ ስር እየተጠቀለለ አስቸግሯታል። እዚያው በእጇ እንድትሰፋው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፊው አልኳት። ዚግዛጉን በእጅ እንዴት እንደምትይዘውም በቪዲዮ አሳየኋት።